ለፈረንጁ ያወጣሁለት ስም

ይህ ነገር የደረሰው መንግሥት ከተለወጠ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ሞላሌ ከአክስቴ ዘንድ በምኖርበት ጊዜ ነው። ያኔ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ረስቻለሁ። ያን ሳምንት ሳስታውስ ግን እስከ ዛሬ ጆሮዬን ይሞቀኛል። ከአፌ ባመለጠች አንዲት ቃል ምክንያት ወንድሜ ገደል ላይ ተንጠልጥሎ ሊቀር ነበር።

ከልጅነቴ ጀምሮ ዓይናፋር ነኝ። ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል ያቆምኩት ሰንፌ አይደለም። አስተማሪው «ዘነበች» ብሎ ስሜን ሲጠራ «አቤት» ማለት ያቅተኝ ነበር። መልሱን እያወቅሁት ደብተሬ ላይ ጽፌ ዝም እላለሁ። እናቴም «ይቺ ልጅ ሰው ትልመድ» ብላ ሻይ ቤት ወዳላት አክስቴ ላከችኝ።

ከሻይ ቤቱ ኋላ ባለው ሰፊ ክፍል የአክስቴ ባል ጋሼ ደምሴ በገበያ ቀን ከሰዓት በኋላ ቪዲዮ ያሳዩ ነበር። እኛ ሰፈር መብራት ስላልነበረ ቴሌቪዥኑ የሚሠራው በጄኔሬተር ነው። ፊልሞቹ በእንግሊዝኛ ናቸው፤ ስለዚህ አንድ ሰው ቆሞ ያስረዳል። ቀድሞ የሚያስረዳው ከውትድርና የተመለሰ ሰው ነበር። እንግሊዝኛ ማወቁን እንጃ፣ ሲናገር ግን ያምርበታል። እሱ ወደ ደብረ ብርሃን ሲሄድ ጋሼ ደምሴ ግራ ገባቸው። አንድ ቀን ብርጭቆ እያጠብኩ የሰውየውን ንግግር ለራሴ ሳነበንብ ሰሙኝ።

«አንቺ! ሁሉንም በቃልሽ ይዘሽዋል እኮ!»

«ሰው ፊት አልቆምም» አልኳቸው።

«ማን ቁሚ አለሽ? ከመጋረጃው ኋላ ሆነሽ ተናገሪ። ሬዲዮ ነሽ በቃ።»

እንዲህ ሆኖ አስረጂ ሆንኩ። በሻይ ቤቱና በክፍሉ መካከል ካለው መጋረጃ ኋላ በርጩማ ላይ እቀመጣለሁ። በቀዳዳው ቴሌቪዥኑን በጎን አየዋለሁ፤ ሰዎቹም ፈረሶቹም ቀጥነውና ረዝመው ይታዩኛል። የራሴን ድምፅ ስሰማው የሌላ ሰው ይመስለኛል። እኔ እዚያው ጨለማ ውስጥ ቁጭ ብዬ ድምፄ ብቻውን ሰው መሐል ሲዞር ደስ ይለኝ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ወንድሜና ስለ ሽፈራው መናገር አለብኝ።

የእኛ ቀዬ ከሞላሌ የሦስት ሰዓት መንገድ ርቆ ገደል አፋፍ ላይ ያለ ነው። ታላቅ ወንድሜ ጌታሁን የገደል ማር ይቆርጣል። ማሩ ለቤት ይሆናል፤ ሰሙ ለኅዳር ሚካኤል ጧፍ ለደብሩ ይሰጣል። ማር ቆራጭ ብቻውን አይወርድም። ከበሬ ቆዳ የተገመደውን መጫኛ ከላይ ሆኖ የሚይዝለት ሰው ያስፈልገዋል። ከመውረዱ በፊት ሁሉም እየሰማ «ገመዴን ለእገሌ ሰጥቻለሁ» ይላል። ያ ስሙ የተጠራው ሰው ብቻ ነው ገመዱን የሚነካው። ሌላ ሰው ቢነካው ነውር ነው፤ ሕይወቱን ያለ ፈቃዱ እንደ መንካት ይቆጠራል። ወንድሜ ስድስት ዓመት ሙሉ ስሙን የጠራው የልጅነት ጓደኛውን ሽፈራውን ነበር።

ሽፈራው ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ፈገግ ሲል ባንድ ጉንጩ ብቻ የሚስቅ ሰው ነው። እሱ ቤታችን ሲመጣ እኔ ጓዳ እገባለሁ። ከጓዳ ሆኜ ግን ድምፁን አዳምጣለሁ። ከዚህ በላይ አልናገርም።

ያን ዓመት ሁለቱ ወደ ጨለማው ጓዳ ሊወርዱ ተነጋግረው ነበር። ጨለማው ጓዳ ከአፋፉ በታች ያለ ዋሻ ነው። ማሩ ከአያቶቻችን ጀምሮ ያልተቆረጠ፣ ጋን በጋን ላይ እንደ ተደረደረ ሆኖ ይወራለታል። አየሁ የሚል ሰው ግን የለም። ስለ እሱ ሲወራ የሰው ዓይን ይለወጣል። ሽማግሌ እንኳ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።

ፊልሙ የመጣው በዚሁ ሰሞን ነው። የቆየ የካውቦይ ፊልም ነው፤ ጋሼ ደምሴ ከሰው ተውሰው አመጡት። ቀድሜ አላየሁትም። ገበያ የመጡት የቀያችን ሰዎች ሁሉ ገብተው ነበር፤ ወንድሜም ከፊት ተቀምጧል። ሽፈራው ከበጎቹ ጋር ገበያ ቀርቷል።

ሦስት ፈረንጆች በፈረስ ይሄዳሉ። አንዱ ሽማግሌ ነው፣ አንዱ ባለጢም ነው፣ ሦስተኛው ረጅም ጎረምሳ ነው። የጠፋ የወርቅ ዋሻ ነው የሚፈልጉት። አገሩ ዛፍ የለውም፤ ገደሉ ቀይ፣ ሰማዩ ሰፊ ነው። እኔም ዓይኔ ያየውን እናገራለሁ። «ይኸው ሽማግሌው ወረቀቱን ዘረጋ… ባለጢሙ ወርቁን አስቦ እንቅልፍ አጣ…» እያልኩ ቀጠልኩ።

ከዚያ ጎረምሳው ከፈረሱ ወረደ። ውሃቸው ሊያልቅ ጥቂት ቀርቷል። የራሱን ድርሻ ባርኔጣው ውስጥ ገለበጠና ለፈረሱ ሰጠ። ፈረሱ ሲጠጣ ቀና ብሎ ባንድ ጉንጩ ፈገግ አለ።

«ሽፈራው ፈረሱን አጠጣ» አልኩ።

እንዴት ከአፌ እንደ ወጣ አላውቅም። ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። «የኛው ሽፈራው ፈረንጅ አገር ገብቷል!» አለ አንዱ። ወንድሜም ሳቀ። እኔ ከመጋረጃው ኋላ ላብ አጠመቀኝ፤ ግን ማንም ስላላየኝ ጨከንኩ። ከዚያ በኋላ ሁለቱ «ሽማግሌው»ና «ባለጢሙ» ሲባሉ ጎረምሳው ብቻ ስም ያለው ሆነ። ሽፈራው እንዲህ አለ፣ ሽፈራው እሳት አነደደ። ስሙን ጮክ ብዬ ስጠራው ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነበር። ሕልም ውስጥ ያለሁ ይመስለኝ ነበር።

ሽማግሌው መንገድ ላይ ሞተ። ሁለቱ ዋሻውን አገኙት፤ ገደል መሐል ነው። ባለጢሙ በገመድ ወረደ፣ ጎረምሳው ከላይ ያዘለት። ባለጢሙ ወርቁን በከረጢት ሞላ፤ ሞልቶ ሞልቶ ከወገቡ ጋር አሰረው። ጎረምሳው ይስባል፣ ይስባል። በድንገት ከወገቡ ቢላዋ መዘዘ።

እኔ ዝም አልኩ።

«ምን አደረገ? ሬዲዮ፣ ተናገሪ እንጂ!» አሉኝ።

«ሽፈራው… ገመዱ ላይ ቢላዋ አሳረፈ» አልኩ።

በዚያች ቅጽበት ቴሌቪዥኑ ጠፋ። ቤንዚን አልቆ ነው። ሰው ጮኸ፣ አጉረመረመ፣ ጋሼ ደምሴ ይቅርታ ጠየቁ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤቱ ለመድረስ ሁሉም ወጣ። የቀያችን ሰዎች ግን ሲወጡ እንደ ገቡት አልነበሩም። ወንድሜ በመጋረጃው አጠገብ ሲያልፍ ቆም አለ። የምናገረው ነገር ያለ መስሎት ሳይጠብቀኝ አልቀረም። እኔ ትንፋሼን ዋጥኩ። ሄደ።

በሁለተኛው ቀን የወንድሜ ሚስት አስናቁ እህል ልታስፈጭ ሞላሌ መጣች። ገብሷን ሳታወርድ ወደ እኔ መጣች።

«ምን አይተሽ ነው? ለእኔ እንኳ አትነግሪኝም?»

«ምኑን?»

«የሽፈራውን ነገር ነዋ! አገሩ ሁሉ ሌላ ወሬ የለውም። ወንድምሽ ‹ዘነበች እንኳን ሰው ልታማ ስሟንም አትናገርም፤ በአፏ መናገር አፍራ በፊልም ነገረችኝ› ብሏል። ሽፈራውን ገመዴን አልሰጥህም አለው። ነገ ብቻውን ሊወርድ ነው፣ ከአስታ ዛፍ ግንድ ጋር አስሮ።»

ማር ሲገኝ ሽፈራው ወንድሜን ጥሎ ጨለማውን ጓዳ ለብቻው ሊይዘው አስቧል ተብሎ ነበር። ለዚህ ማስረጃው እኔ ነኝ። ደፋር ሴት ብሆን ኖሮ ማንም ከቁም ነገር አይቆጥረኝም ነበር። ያመኑኝ ዝምተኛ ስለሆንኩ ነው።

«ውሸት ነው በይው» አልኳት።

«ራስሽ ነይና ንገሪው! እኔን ይሰማኛል? ብዙ ለምኜዋለሁ።»

አብሬያት መሄድ ነበረብኝ። አልሄድኩም። ምን ብዬ እንደምናገር አላውቅም ነበር። የዚያ ፈረንጅ ስም ለምን ሽፈራው እንደሆነ ብጠየቅስ? አስናቁ ዱቄቷን ተሸክማ ብቻዋን ተመለሰች።

ስትሄድ ጋሼ ደምሴን ፊልሙን እስከ መጨረሻው እንዲያሳዩኝ ለመንኳቸው።

«ለአንድ ሰው ሞተር ላስነሳ? ንግሥት ነሽ እንዴ?» አሉ። ከዚያ ፊቴን አዩና ምንም ሳይጨምሩ ጀሪካኑን አንሥተው ወጡ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ከመጋረጃው ወዲህ ወጥቼ ከፊት አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ክፍሉ ባዶ ነው። በጣራው ቀዳዳዎች የገባው ብርሃን ወለሉ ላይ ተበትኗል። ሰዎቹ አሁን ቀጭን አልነበሩም። ጎረምሳው ቢላዋውን አወጣ። የቆረጠው ግን ሰውየው የታሰረበትን ገመድ አይደለም። ከዚያ ጎን ሌላ ቀጭን ገመድ ነበር፤ የወርቁ ከረጢት በሱም ጭምር ነው የሚሳበው። እኔ በጎን ሳይ አንድ መስሎኝ ነበር። ያ ቀጭኑ ገመድ ሲቆረጥ የወርቁ ክብደት ሁሉ በባለጢሙ ወገብ ላይ ዋለ፤ ባለጢሙም ከረጢቱን ፈቶ ለቀቀው። ወርቁ ወደ ታች ወረደ፣ ሲወርድም ያበራል፣ የፀሐይ ብናኝ ይመስላል። ባለጢሙ ከላይ ሲደርስ ስለ ወርቁ ያለቅሳል። ጎረምሳው እጁ በገመድ ተልጦ አጠገቡ ይቀመጣል። ያልቃል።

የፈረንጁንም ስም አጥፍቼ ነበር ማለት ነው።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ተነሣሁ። ውርጩ ሣሩን አድርቆታል፤ ስረግጠው ይሰበራል። ምን እንደምል እየተለማመድኩ ሄድኩ። መንገዱ ላይ ማንንም አላገኘሁም። ፀሐይ ስትወጣ ከገደሉ ውስጥ ጉም ተነሣ። የተበጠረ የበግ ጠጉር ይመስል ነጭና ወፍራም ነው። አፋፉ ስደርስ ምድሩ እዚያ ጋ ያልቅና ነጭ ነገር ብቻ ይቀጥላል።

ወንድሜ ወርዷል። አስናቁ መሬት ላይ ተቀምጣ ነጠላዋን ትነክሳለች። ወንድሜ ለስሙ ያህል ገመዱን የሰጣቸው ጎረቤታችን አባባ ክንፉ የአስታው ግንድ ላይ የተጠመጠመውን መጫኛ ጨብጠው ቆመዋል፤ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰው ናቸው። ሌሎች ሦስት አራት ሰዎች ዙሪያውን አሉ፤ ስማቸው ስላልተጠራ ግን ገመዱን አይነኩም። ሽፈራው ሃያ እርምጃ ያህል ርቆ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ማንም አልጠራውም፣ ግን መጥቷል።

«ቆየ ወይ?» አልኩ።

«ማሩን ይዟል» አሉ አባባ ክንፉ። «መውጣቱ ነው ያቃተው። ገመዱን እየሰበሰበ የሚደግፈው ሰው ከሌለ እንዴት ይውጣ? እኔ ጉልበት የለኝም። እዪ፣ የአስታውም ሥር አፈሩን እየለቀቀ ነው።»

አስናቁ ወደ ሽፈራው ዞራ «ስለ ሚካኤል ብለህ!» አለች።

«ገመዱን አልሰጠኝም እኮ» አለ ሽፈራው። ድምፁ ተሰብሯል። «ይስጠኝና አሁን ልነሣ።»

ከጉሙ ውስጥ የወንድሜ ድምፅ መጣ። ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም፤ ጉሙ ራሱ የሚናገር ይመስላል።

«ሽፈራው ገመዴን እንዳይነካ! ሰምታችኋል?»

የአስታው ሥር ትንሽ ድምፅ አሰማ። እኔ ወደ አፋፉ ሄጄ ተንበረከክሁ።

«ወንድም ጋሼ! ዘነበች ነኝ! ፊልሙን እስከ መጨረሻው አየሁት። ሰውየው ጓደኛውን አልጣለውም። የቆረጠው የወርቁን ገመድ ነው!»

ወንድሜ በንዴት ጮኸ። «ፈረንጁ የፈለገውን ይቁረጥ! እኔ ስለ ፈረንጅ ምን አገባኝ? አንቺ ስሙን ለምን ሰጠሽው? አንድ የምታውቂው ነገር አለ!»

«ምንም የማውቀው የለም።»

«ታዲያ ለምን ሽፈራው አልሽው? ከስንቱ ስም!»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ሽፈራውም ከድንጋዩ ተነሥቶ ያየኛል። የተለማመድኩት ሁሉ ጠፋኝ። ከፊቴ ነጩን ብቻ አየሁ፤ እሱን እያየሁ ነው የተናገርኩት።

«ቆንጆ ስለሆነ ነው!»

«ማን?» አለ ጉሙ። «ፈረንጁ?»

«ሁለቱም!»

የሆነ ጊዜ አለፈ። ረጅም ይሁን አጭር አላውቅም። አንድ ሰው እንኳ አልሳቀም። ከዚያ ከታች፣ ከጉሙ ውስጥ፣ ወንድሜ መሳቅ ጀመረ። እንደ ማልቀስ ያለ ሳቅ ነው። ገመዱም አብሮት ተንቀጠቀጠ።

«ኧረ እግዜር ይይልሽ! ለዚህ ነው ገደል የገባሁት?» አለ። ከዚያ ሳቁ ቆመና ድምፁ ተለወጠ። «ሁላችሁም ስሙ! ገመዴን ለሽፈራው ሰጥቻለሁ!»

ሽፈራው ሲሮጥ አላየሁትም፤ ደርሶ ነበር። መጫኛውን ወገቡ ላይ ጠመጠመ፣ መሬት ላይ ተቀመጠ፣ ሁለት ተረከዙን ድንጋይ ላይ ተከለ።

«ስልቻውን ፍታው!» ብሎ ጮኸ።

«አልፈታም! ስንት ዘመን የተወራለት ማር ነው!»

«ሁለታችሁን አልችልም! አንተን ወይስ ማሩን ልሳብ?»

በጣም ቆይቶ፣ እኛ ተስፋ ከቆረጥን በኋላ፣ ከገደሉ ሥር ስልቻው የወደቀበት አንድ ለስላሳ ድምፅ ተሰማ። ጉሙ ማር ማር ሸተተኝ። እውነት ይሁን የእኔ ሐሳብ አላውቅም።

ወንድሜ ሲወጣ ፊቱ በንብ ተነድፎ አብጦ ነበር። ትንፋሹ እንደ ተመለሰለት ትልቅ ድንጋይ አንሥቶ ማጅራቱ ላይ አድርጎ ከሽፈራው ፊት ጎንበስ አለ። ሽፈራው ድንጋዩን አንሥቶ ወረወረና ሁለቱ ተቃቅፈው ቆዩ። ጨለማው ጓዳ ምን እንደሚመስል ስንጠይቀው ወንድሜ «እስከ ከፊሉ ደርሻለሁ፣ ወደ ውስጥ ይቀጥላል» ከማለት በስተቀር ምንም አልተናገረም። ያን ዓመት ከእኛ ቤት ለሚካኤል የሄደው ሰም ትንሽ ነበር።

እኔ ሰው ሳያየኝ ልሄድ ስል ሽፈራው ጠራኝ። እጁ ተልጧል። ዓይኔን አላየም፤ እሱም ከእኔ የማይሻል ዓይናፋር መሆኑን ያኔ ነው ያወቅሁት።

«ሌላ ጊዜ» አለኝ፣ «የምትጠያቸውን ሰዎች ስም አውጪላቸው።»

ከዚያ በኋላ ያላሾፈብኝ የለም። ውሃ ስቀዳ «ቆንጆው መጣልሽ» ይሉኛል። ምንም ነገር ግን አልተከተለም። ሽፈራው በሁለተኛው ዓመት ከራቤል በኩል አገባ። እኔም ቆይቶ ቀየት ወደሚባል አገር ተዳርኩ። ባለቤቴ ደግ ሰው ነው፤ ይህን ሁሉ ነግሬዋለሁ።

ባለፈው ዓመት የወንድሜን የልጅ ልጅ ክርስትና ለማንሣት ሄጄ ነበር። ሽፈራውም ከነቤተሰቡ መጥቷል። ሰው ሁሉ በተቀመጠበት ሚስቱ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች፤ ቀይ፣ ወፈር ያለች፣ ሳቂታ ሴት ናት።

«አንቺ ነሽ አሉ ገደል አፋፍ ላይ ባሌን ቆንጆ ያልሽው?»

ድሮ ቢሆን ጓዳ እገባ ነበር።

«አዎ፣ እኔ ነኝ» አልኳት።

«ዛሬስ?»

ሽፈራው ራሱ ላይ ጠጉር አልቀረውም። ጢሙ ላይ ወጥ ነክቶታል።

«ዛሬማ ፈረንጁ ይሻላል» አልኩ።

ከሁሉም በላይ የሳቀው እሱ ነው። ባንድ ጉንጩ።

ብዙ ዓመት ያን ቀን ሳስበው አፍር ነበር፤ አሁን አላፍርም። አንዳንድ ጠዋት እዚህም ከገደሉ ጉም ሲነሣ ደጅ ወጥቼ እቆማለሁ። ከተናገርኩ በኋላና ማንም ሳይመልስልኝ በፊት ያለፈችው ያቺ ጊዜ ትመጣብኛለች። ሰው አልነበረም፣ ገደል አልነበረም፣ ነጭ ብቻ ነበር። ገመዱ እንደሚያዝ ያኔ ማንም አያውቅም ነበር። እኔ ግን አልፈራሁም።